ያልመጡት እነማን ናቸው?

ኮምፒውተር ልትጠግን የመጣች መስሎን ነበር።

እኛ እግር ሠሪዎች ነን። አደጋ ወይም በሽታ እግሩን የወሰደበት ሰው ወደ ማዕከላችን ይመጣል። የቀረውን እግሩን በጀሶ እንለካለን፣ ፕላስቲኩን በምድጃ አለስልሰን እግሩ የሚገባበትን ማቀፊያ እናወጣለታለን፣ ከሥሩ የጎማ መርገጫ እናስርለታለን፣ ከዚያ በሁለቱ የመደገፊያ ብረቶች መሃል አቁመን እናስሄደዋለን። ከዚህ ውጭ ላለው ነገር ብዙም ጆሮ አንሰጥም። ስለዚህ አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ትልቅ ቦርሳ አንግታ በወርክሾፑ በር ብቅ ስትል፣ ባልደረባዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ፕሪንተሩ በዚያ በኩል ነው» አላት።

«ቆይማ» አለች። «ፕሪንተሩ ምን ሆነ?»

«ወረቀት ይበላል።»

«እኔ የመጣሁት ፕሮግራም ልሠራ ነው» አለችና ሄዳ ፕሪንተሩን ጠገነችው። ከዚያ ተመልሳ ሥራዋን ጀመረች።

ስሟን በዚያው ቀን ነግራናለች፤ የጠራት ግን የለም። ለምትጠየቀው ነገር ሁሉ መልስ ከመስጠቷ በፊት «ቆይማ» ስለምትል፣ ሳምንት ሳይሞላት ቆይማ ሆና ቀረች። እሷም አልከፋትም። አንድ ቀን ስልክ ስታነሳ ራሷ «ቆይማ ነኝ» ስትል ሰማኋት።

ከሷ በፊት የነበረውን ሁኔታ ልንገራችሁ። መዝገብ ቤቱን ለብዙ ዘመን የያዙት እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። እትዬ ካርድ ማገላበጥ አያውቁም፤ ፊት ይበቃቸዋል። ሰውየው ገና ከደጅ ሲገባ «አንተ የቀኝ ጉልበት፣ ሚስትህ ወለደች ወይ?» የሚሉ ሰው ነበሩ። አንድ ልጅ ከዘገየም «ያ ልጅ ቀረሳ! እግሩ አጥሮት ይሆናል» ብለው ባገኙት ሰው መልእክት ይልኩ ነበር። በጡረታ ሲሸኙ እንደሳቸው ያለ ሰው ከየት ይመጣል ተባለና ኮምፒውተር ገባልን። የካርድ ቁጥር ሲጻፍለት የሰውየውን ስም፣ የተቆረጠውን እግርና የመጣበትን ቀን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ አላማውም። የሚያውቀው ግን በሩን አልፎ የገባውን ሰው ብቻ ነበር።

ቆይማ የተቀጠረችው በየወሩ ስንት ሰው እንደመጣ ቆጥሮ ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮግራም ልትሠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ኮምፒውተሩ ጋ አልተቀመጠችም። ወርክሾፑ ውስጥ በርጩማ ስባ ከጎናችን ተቀመጠች። ጀሶ ስናቦካ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትጠይቃለች። ሱሪዋ በጀሶ ነጣ። ባልደረባዬ «ይቺ ልጅ ሥራችንን ልትነጥቀን ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

አንድ ጠዋት የአንድ ሕፃን ልጅ ጀሶ ስሞርድ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ባለፈው ዓመትም እግር ተሠርቶለት የለም እንዴ?» አለችኝ።

«ተሠርቶለታል።»

«ታዲያ ተሰበረ?»

«ምን ይሰበራል። ልጅ ያድጋል፤ ፕላስቲክ አያድግም። ቢያንስ በዓመት አንዴ መጥቶ ካልተለካ እግሩ ያጥረዋል፣ ወገቡ ይጣመማል፣ ማቀፊያው ጠብቦት ቆዳው ይላጣል።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ… አልመጣም።»

«ማን እንዳልመጣ በምን ታውቃላችሁ?»

«እትዬ ያውቁ ነበር» አልኳት።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ኮምፒውተሩ ያውቃል ተብሎ የለ?»

«ቆይማ» አለችና በርጩማዋን ትታ ሄደች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የወር ሪፖርቱን በጎን አድርጋ ሌላ ነገር ያዘች።

በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ። መዝገብ ቤት ማለት ካርዶቹ የሚደረደሩበት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ።

«እዚህ ውስጥ ሁለት ሰንጠረዥ አለ፤ ጋሼ» አለችኝ። «አንዱ ሰዎቹን ነው የያዘው፤ የድሮዎቹም ከካርዳቸው ተገልብጠውበታል። ስም፣ የእናት ስም፣ ዓመተ ልደት፣ የተቆረጠው እግር፣ ስልክ፣ ሰፈር። ሁለተኛው ደግሞ መምጣታቸውን ነው የያዘው። አንድ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ ረድፍ ይጻፍለታል። እዚህኛው ላይ ስም የለም፤ የካርድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።»

«ታዲያ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«በካርድ ቁጥሩ ነዋ። ቁጥሩ ሁለቱም ጋ አለ። አንዱን ረድፍ ከአንዱ የሚያገናኘው እሱ ነው።»

«አማጭ ነው በይኛ።»

ሳቀች። «አማጭ ነው። እንግዲህ እኔ ፕሮግራሙን እጠይቀዋለሁ፤ ሁለቱን በአማጩ አገናኝልኝና መጨረሻ ከመጡ ዓመት ያለፋቸውን ልጆች ብቻ አውጣልኝ እለዋለሁ።»

አራት አምስት መስመር ጻፈች። ከዚያ አንድ ቁልፍ ነካች። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ስክሪኑ በስም ሞላ። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ይህን አውቀዋለሁ፣ ይቺን አውቃታለሁ፣ ይሄኛው ኳስ ካልተጫወትኩ ብሎ ሁለት መርገጫ የሰበረብኝ ነው። እስከ መጨረሻው ወርጄ እንደገና ወደ ላይ ወጣሁ።

«አንዲት ልጅ የለችም» አልኳት።

«ስሟ ማን ነው?»

ስሟን ከየት ላምጣው? ባየው አውቀዋለሁ እንጂ በቃሌ አልይዘውም። በሥራዬ ብዙ ሰው አልፏል። የማስታውሰው እግሯን ነው፤ ግራ፣ ከጉልበት በታች፣ አጭርና ሾጣጣ። በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነበር የመጣችው። የመጀመሪያ እግሯን ሳስርላት ሁለቱን እግሮቿን እያፈራረቀች አየችና «ይሄኛው የኔ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው» አለችኝ። መርገጫው ትንሽ ሰፍቶ ነበር። ሞርጄ፣ ሞርጄ፣ ከሌላኛው ጋር እኩል ካደረግኩት በኋላ ነው የተራመደችው። ለቆይማ ይህን ሁሉ ነገርኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን «ጋሼ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም፤ ምናልባት ረስተው ይሆናል» ብሎ ባሳለፈኝ ነበር። ዕድሜዬም ለዚህ የሚመች ነው። እሷ ግን እኔን አምና የራሷን ጥያቄ ጠረጠረች። አገጯን በእጇ ይዛ መስመሮቹን ደጋግማ አነበበች። በመስኮቱ አንድ ሁለት ሰው ካርድ ጠየቀ፤ አልሰማቻቸውም፤ እኔ አወጣሁላቸው።

ኋላ ላይ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች።

«ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው» አለች። «ሁለቱም ሰንጠረዥ ላይ ያሉትን አምጣልኝ ነው ያልኩት። የመጡበትን ቀን የያዘው ሰንጠረዥ ግን የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ከገባ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ አንዴ እንኳ ያልመጣ ሰው እዚያ ላይ ምንም ረድፍ የለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚያገናኘው ሲያጣ ዘለለው።»

«ማለት ትንሽ የጠፉትን አገኘሽ…»

«አዎ። ጨርሶ የጠፉትን ግን ራሴው ጣልኳቸው።»

ወደ መስመሮቹ ተመለሰችና አንድ ቃል ቀየረች። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቆሜ አይቻለሁ። «አሁን እንዲህ ነው የምለው» አለች። «ሰዎቹን በሙሉ አምጣ። የመጣበት ቀን ያለውን ከጎኑ ጻፍለት። የሌለውን ባዶ ተውለት፤ ሰውየውን ግን እንዳትጥል።»

ቁልፉን ነካችው። ዝርዝሩ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። ከብዙዎቹ ስሞች ጎን ቀኑ ያለበት ቦታ ባዶ ነበር።

እኔ መርገጫ ሳስር ብሎኑን በፀጉር ስፋት ባዛውረው የሰውየው አረማመድ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ይህን ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ይቺ ልጅ በራሷ ዕቃ ላይ ያንን ፀጉር የምታህል ነገር ፈልጋ አገኘቻት። ለራሴ «ይህችስ የእጅ ባለሙያ ናት» አልኩ።

ማታ ስለሷ ሳወራ ባለቤቴ ሰምታ፣ ሰምታ «እኔን ስታጨኝ እንኳ ይህን ያህል አላመሰገንከኝም» አለችኝ።

ቆይማ ዝርዝሩን አጠራች። ሁለቴ የተመዘገበውን አንድ አደረገች። ዓመተ ልደቱ ያልተጻፈውን ሰው ባልደረባዬ «ተይው» ቢላት «ልጅ ቢሆንስ?» ብላ ለብቻው አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለታችን ይዘነው ኃላፊያችን ዘንድ ገባን።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ወረቀቱን አየና «ያልመጣ ሰው ያልፈለገ ነው» አለ።

«ቆይማ» አለችው። እሱም ለምዶታል። «ያልፈለገውም ያልቻለውም እዚህ ላይ ባዶ ነው የሚሆነው። ባዶውን አይቶ መለየት አይቻልም። ደውሎ መጠየቅ ነው።»

«እሺ ደወልን። ይህ ሁሉ ሰው ቢመጣ ማን ይሠራለታል?» ብሎ ወደኔ አየ።

እኔ እዚህ ድረስ አላሰብኩም ነበር። ምድጃችን አንድ ናት፤ እኛ ከነረዳቶቻችን የእጅ ጣት አንሞላም። እውነት ለመናገር ፈራሁ። ቆይማ ግን ይህንንም አስባበት ነበር።

«ሁሉንም አንድ ላይ አንጠራቸውም» አለች። «ፕሮግራሙ ተራ ያወጣል። ትንሽ የሆነውና ረጅም ጊዜ የጠፋው ይቀድማል። ጋሼ በሳምንት ይህን ያህል እችላለሁ ካሉኝ ከዚያ በላይ አንድ ስም አይወጣም።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «የመጀመሪያዎቹን አሳዩኝ» አለ።

በማግስቱ መደወል ጀመርን። የስልክ ነገር ታውቃላችሁ፤ ግማሹ አይሠራም፣ ግማሹ ሰው ለውጧል። አንዱ «ልጅ?» ብሎ ሳቀብኝና «አግብቼ ሁለት ወልጃለሁ» አለኝ፤ ዓመተ ልደቱ በስህተት የተጻፈ ነው። «እግሩስ?» ብለው «እሱንማ ከሌላ ቦታ አሠራሁ፤ ግን እንደናንተው አይሆንም» ብሎ ደስ አሰኘኝ። አንዲት እናት ስልክ አንስተው የልጃቸውን ስም ስጠራ «ልጄ ካረፈ ሰነበተ» አሉኝ። ቆይማ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ አላወቅንም። ስለሱ ሊያወሩን ከፈለጉ እሰማለሁ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ማውራት ፈለጉ። እሷም ግድግዳውን እያየች አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰማቻቸው።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች፤ ወደዚያ ቤት ማንም ዳግመኛ እንዳይደውል የሚያደርግ ምልክት ነው። «ለምን አታጠፊውም?» አልኳት።

«ነበራ፣ ጋሼ። እግር ሠርተንለታል እኮ።»

የኔዋን ልጅ ያገኘናት እንዲህ ነው። ከባዶዎቹ መካከል በዕድሜዋና በተቆረጠው እግሯ ፈልጋ ካርዷን አወጣችልኝ፤ ስሟን ሳነብ እናቷ ስትጠራት ትዝ አለኝ። ስልኩ ግን አይሠራም። አድራሻው ላይ ያለው የሰፈሩ ስምና «ከድልድዩ ማዶ» የሚል ብቻ ነው። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ የከተማው ግማሽ ነው።

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ቆይማ ሌላ ጥያቄ ጻፈች። ያንኑ ሰፈር ያስመዘገቡና በቅርብ የመጡ ሰዎች ካሉ አምጣልኝ አለችው። ዊልቸራቸውን ለማሳደስ በየጊዜው ብቅ የሚሉ አንድ ሽማግሌ ወጡ። ደወለችላቸው።

«አባባ፣ ከናንተ ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ስልክ አልሠራ ብሎን ነው» አለችና የእናቲቱን ስም ብቻ ጠራች። ስለ ልጅቷ ምንም አላነሳችም፤ የሰው ጉዳይ በሌላ ሰው ጆሮ አይገባም ባይ ናት። «ቢያውቋቸው፣ ማዕከሉ ይፈልጋችኋል፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ ብለው ይንገሩልን።»

ሽማግሌው ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ለኔም ይሰማ ነበር። «እሷማ አርፋለች፤ ልጄ። ልጇ ግን እዚሁ መንገዱ ላይ ጎሚስታ አለው። የዊልቸሬን ጎማ የሚነፋልኝ እሱ አይደለም እንዴ? አሁኑኑ እነግረዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ደወለ። በማግስቱ ጠዋት እህቱን ይዞ መጣ።

አድጋለች። ቁመቷ ወንድሟን ሊደርስ ነው። እኔን ጨርሶ አላስታወሰችኝም፤ በትህትና ሰላም ብላኝ ተቀመጠች። ሱሪዋን ስትሰበስብ ያ የሠራሁላት እግር ወጣ። የልጅ እግር ነው፤ ከአካሏ ጋር ሲታይ አሻንጉሊት ይመስላል። ከመርገጫው ሥር ግን ሌላ ሥራ ነበረ። የመኪና ጎማ በልኩ ተቆርጦ፣ ድርብ በድርብ ተጣብቆ፣ ጠርዙ ተሞርዶ እንደ ሶል ተሠርቷል። እያንዳንዱ ድርብ አንድ የእድገቷ ዘመን ነው። ገልብጬ አየሁት፤ ማጣበቂያው አንድ ቦታ እንኳ አልተላቀቀም።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ፤ የሚቆጡት መስሎት ነበር መሰለኝ ዓይኑን ሰበረ።

«እጅህ ይባረክ። እህትህን በእኩል ወገብ ያስሄድካት አንተ ነህ።»

ርዝመቱን እንዲህ ችሎበታል። ማቀፊያው ግን ከእጁ በላይ ነበር፤ ጠብቦ ጉልበቷን በልቶታል፣ ቆዳዋ አንድ ቦታ ቆስሎ ደርቆ እንደገና ቆስሏል። የጎማውም ክብደት ዳሌዋን ጎትቶታል። «ያማል?» ስላት «ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ቆይማ ከበሩ ጥግ ቆማ ነበር። «ለምን አልመጣችሁም?» ብላ ጠየቀች፤ የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ወንድሟ እጁን አፍተለተለ። «እናታችን ካረፈች በኋላ ካርዱን ያስቀመጠችበትን አጣነው። ቤቱን ገልብጬ ፈለግኩ። ያለ ካርድ አይቀበሉም ብለው ሰዎች ነገሩኝ።»

እውነቱን ነው፤ አንቀበልም ነበር። ቁጥሩ ከሌለ ኮምፒውተሩ አያሳይማ።

ቆይማ ከክፍሉ ወጣች። እኔ ጀሶውን ማቡካት ጀመርኩ። ልጅቷን ለክተን ስንጨርስ ቆይማ ወረቀት ይዛ በውጭው በር ላይ ስትለጥፍ አየኋት፤ «ካርድ የጠፋበት ሰው ይግባ» ይላል። በሳምንቱ ውስጥ ፕሮግራሙ በስም፣ በሰፈር፣ በእናት ስም ሁሉ የሚፈልግ ሆነ። ስም አጻጻፍ እንኳ ቢለያይ፣ በ«ሀ» የተጻፈውን በ«ሐ» ብትፈልገው ያመጣልሃል። ይህንን ለመሥራት ብዙ ተቸግራለች፤ ፊደሎቹ ላይ ስትጨቃጨቅ በመስኮቱ እሰማት ነበር።

አዲሱ እግር የደረሰ ቀን ቆይማን ጠራኋት። እስከዚያ ቀን ሰው ሲራመድ ቆማ አይታ አታውቅም፤ ሥራዋ ሁሌ ከጀሶው ጋር ወይም ከስክሪኑ ጋር ነበር። ልጅቷ በሁለቱ ብረቶች መሃል ቆመች። ብረቶቹን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ጊዜ ረገጠች፣ ቆመች፣ ደገመች። በመሃል አንድ እጇን ለቀቀች። ወንድሟ ከዚህኛው ጫፍ እጁን ዘርግቶ ወደኋላ እየሄደ ነበር፤ ሁለተኛውንም ስትለቅ እሱ ራሱ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ባልደረባዬ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ቆይማ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ የልጅቷን ጉልበት ነበር የምታየው። «ጋሼ፣ ሲረግጥ ለምንድን ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?»

«ጡንቻው ሰንፎ ነው። ይመለሳል።»

«በስንት ጊዜ?»

«ወር፣ ሁለት ወር።»

«ቆይማ፤ እንግዲያው እሷ ዓመት መጠበቅ የለባትም ማለት ነው» አለችና ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ አዲስ እግር የወሰደውን ልጅ ቶሎ ያስታውሰናል።

ዝርዝሩን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ሁሉንም አላገኘንም፤ አንዳንዱ ባዶ እንደ ባዶነቱ ቀርቷል፤ ቆይማ ግን ከተራው አላወጣችውም። ኃላፊያችን ያንን ወረቀት ይዞ በየቢሮው ተመላልሶ ሁለተኛ ምድጃ አስገባልን። እንዳላማሁት ይታወቅልኝ፤ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ድካሙ የቀለለት ይመስላል።

የቆይማ ውል ሲያልቅ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደች። ከመሄዷ በፊት ከያንዳንዱ መስመር ጎን በአማርኛ ማብራሪያ ጽፋ ነው የተወችው፤ ለምን እንደተጻፈ፣ ቢነካ ምን እንደሚሆን። አሁን መዝገብ ቤቱን የያዘው ልጅ አሳየኝ። ያችን አንድ ቃል በቀየረችበት ቦታ «ይህን ቃል አትንኩት፤ ከነካችሁት ሰዎቹ ይጠፋሉ» ብላለች። ልጁ «እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት? ሰው የራሱን ሥራ ለሚቀጥለው ሰው ሲያስረክብ ማየት ብርቅ ነው።

አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ምድጃው እስኪግል፣ የሳምንቱ ስሞች ይወጣሉ፤ ተከፋፍለን እንደውላለን። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ሳንደውልለት ልጁን አስከትሎ መጣ። ስሙን ብንፈልግ ተራው ለሚመጣው ወር ነው።

«ቀድመሃል እኮ» አልኩት።

«ትደውላላችሁ ብዬ ስጠብቅ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ወጣ» አለኝ። «አይታያችሁም እንዴ? ይለካ።»

ልጁን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ጀሶውን አቦካሁ።